የሱቅ መስታወት፣ የመኪና ገላና የፎቶግራፍ ነጸብራቅ

«ሥነ ጥበብ የሕይወት ነጸብራቅ ነው» የሚለው አነጋገር በሀገራችን የሂስ ጽሑፎች ውስጥ ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ኖሯል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎታል፤ ተማሪው ለፈተና አጥንቶታል፤ የዐውደ ርእይ መክፈቻ ንግግር የሚያደርግ ኃላፊም ከንግግሩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ አያጣውም። ይሁን እንጂ ነጸብራቅ ራሱ ምን እንደ ሆነ፣ በምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ከየት ተቁሞ እንደሚታይ የጠየቀ እምብዛም የለም። ሕይወት በአንድ ወገን፣ ሥነ ጥበብ በሌላ ወገን ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን መልክ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይቀዳል የሚል አስተሳሰብ ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል።

ይህን አነጋገር እንደ ምሳሌ ሳይሆን እንደ ቃሉ ወስዶ የሚሠራ አንድ የፎቶግራፍ ዘርፍ አለ። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ወደ መንገዱ አያዞርም፤ መንገዱ ወዳረፈበት ገጽ፣ ማለትም ወደ ሱቅ መስታወት፣ ወደ አሮጌ መኪና ኮፈን፣ ወደ ፓራውልቱ ኒኬልና ወደ ስፖኪዮው ያዞራል እንጂ። ዘርፉ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ካሜራ የያዘ በመሆኑ፣ የዚህ ዓይነት ሥዕል በየዐውደ ርእዩ ግድግዳና በየቀን መቁጠሪያው ላይ ሞልቷል፤ አብዛኛውም ዓይንን ለአፍታ ደስ አሰኝቶ የሚያልፍ ነው። ነገር ግን የበሰለውን ካልበሰለው ለመለየት «ውብ ነው» ወይም «ቅርጻዊነት ያጠቃዋል» ብሎ መፍረድ አይበቃም። «መጽሔት» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ መስተዋት ማለት ነውና፣ ጉዳዩ ለእንደዚህ ያሉ ገጾች እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ከቁሱ መነሣት ይሻላል። ንጹሕ መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ ከእያንዳንዱ ገጹ የሚመልሰው ብርሃን ከመቶ 4 እጅ ያህል፣ ከሁለቱ ገጾቹ በድምሩ 8 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ያልፋል። ስለዚህ የሱቅ መስታወት መስተዋት የሚሆነው በራሱ ኃይል ሳይሆን በውስጥና በውጭ ባለው የብርሃን ልዩነት ነው። ውጭው በፀሐይ ሲጥለቀለቅና ውስጡ ጨለም ሲል መንገዱ መስታወቱን ይወርሰዋል። ሲመሽና የሱቁ መብራት ሲበራ መንገዱ ይጠፋና ዕቃው ብቻ ይቀራል። ሁለቱ ብርሃኖች በሚቀራረቡበት ሰዓት ግን ዕቃውና መንገዱ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፤ ያኔም ጥቁሩ ካፖርት መንገዱን ሲቀበል፣ ነጩ ሸሚዝ አልቀበልም ይላል። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ሕንፃም የሚርቀው መስታወቱን ያህል አይደለም፤ ከካሜራው እስከ መስታወቱና ከመስታወቱ እስከ ሕንፃው ያለው ርቀት ተደምሮ ነው። ሌንሱ ለሸቀጡ ከተስተካከለ መንገዱ ጭጋግ ይሆናል፤ ለመንገዱ ከተስተካከለ ሸቀጡ ይደበዝዛል። ሁለቱንም ለማጥራት የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብና በዚያው መጠን ረጅም ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ የእጅ ሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺው ለየትኛው ወገን እንደሚያደላ የሚታወቀው ከዚሁ ነው።

የመኪና ገላ ጠባዩ ሌላ ነው። ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ኮፈን ብርሃን አያሳልፍም፤ በላዩ ያረፈው መልክ ከጀርባው የሚፎካከረው ዕቃ የለም። ጋራዥ ቤት በጥቅሉ «ኒኬል» የሚባለው፣ በትክክል ሲታይ ከኒኬሉ በላይ ስስ ክሮም የተለበጠበት ብረት፣ ከተቀበለው ብርሃን ከግማሽ በላይ ይመልሳል። ከሁሉ በላይ ገጹ ጎባጣ ነው። ወደ ውጭ የጎበጠ ገጽ ሰማዩን፣ ሕንፃውን፣ መንገደኛውንና ፎቶግራፍ አንሺውን ራሱን ሰብስቦ ከብረቱ ጀርባ በጥቂት ጣት ርቀት ያስቀምጣቸዋል፤ ሰፊው አደባባይ በአንድ የመዳፍ ስፋት ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ለንግድ ማስታወቂያ ፎቶግራፍ የሚያነሱ ባለሙያዎች ቀድመው ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ ነጸብራቅን ማጥፋት ነው። ፖላራይዘር የተባለውን ማጣሪያ በሌንሱ ላይ አድርገው፣ ከመስታወቱ ቀጥታ መስመር 56 ዲግሪ ያህል ጋደል ብለው ሲቆሙ፣ መንገዱ ከመስታወቱ ላይ ተጠርጎ ሸቀጡ ብቻውን ይቀራል። (ኒኬል ግን ለዚህ ማጣሪያ አይታዘዝም፤ የመኪና ማስታወቂያ የሚያነሱ ሰዎች ትልልቅ ነጭ ጨርቆችን በመኪናው ዙሪያ የሚወጥሩት ስለዚህ ነው።) እንግዲህ ነጸብራቅ ያለበት የሱቅ መስኮት ፎቶግራፍ፣ ሊጠፋ ሲችል እንዲቆይ የተፈቀደለትን ነገር የሚያሳይ ሥራ ነው። ሂስም መጀመር ያለበት ለምን ተፈቀደለት ከሚለው ጥያቄ ነው።

የዘርፉን ታሪክ የሚያነሣ ሁሉ ከፈረንሳዊው ኤዤን አትዤ (1857–1927) ይነሣል፤ ተገቢም ነው። (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አትዤ ቀድሞ መርከበኛ፣ ኋላም የተዘዋዋሪ ቴአትር ተዋናይ ነበረ። ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከባድ የእንጨት ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና 18 በ24 ሴንቲሜትር የሆኑ የመስታወት ሰሌዳዎች ተሸክሞ አሮጌውን ፓሪስ ዞረ። በበሩ ላይ የሰቀለው ጽሑፍ ለሠዓሊዎች የሚሆን ሰነድ የሚሸጥ መሆኑን ይገልጻል። ራሱን ከያኒ ብሎ አልጠራም፤ ደንበኞቹም ሠዓሊዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች ነበሩ።

በ1908 ያነሣው የአንድ ቡና ቤት በር አለ። በመስታወቱ ጀርባ የሰዎች ፊት ወደ ውጭ ይመለከታል፤ በዚያው መስታወት ላይ የካሜራው ጥላ መሰል መልክ ከነባለቤቱ አርፏል። የሚያየውና የሚታየው በአንድ መስታወት ላይ ተፋጥጠዋል። ይህ ሥዕል ተጫዋችነት አለው። ከዚህ የሚከብደው ግን በ1925 በጎብለን ጎዳና ያነሣቸው የልብስ መደብር መስኮቶች ናቸው። በአንደኛው የወንዶች ሙሉ ልብስ የለበሱ የማሳያ አሻንጉሊቶች ተደርድረው ቆመዋል፤ ፊታቸው ፈገግ ብሏል፤ ዋጋቸው በልብሳቸው ላይ ተለጥፏል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቅ ሕንፃና ዛፎቹ በመስታወቱ ላይ አርፈው፣ ቅርንጫፉ በአሻንጉሊቶቹ ትከሻና ራስ መካከል ይዘረጋል። የመደብሩ ውስጥ የት እንደሚያበቃና መንገዱ ከየት እንደሚጀምር ዓይን ወዲያው አይለየውም።

ይህን ሥዕል በመተርጎም ረገድ ሁለት ወገኖች ተከራክረዋል። የሱሪያሊዝም ተከታዮች በ1926 ጥቂቶቹን የአትዤ ፎቶግራፎች በራሳቸው መጽሔት አትመዋል፤ በእነርሱ ዘንድ የመስታወቱ ድርብርብ መልክ የሕልም መልክ ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ አትዤ ሰነድ ሰብሳቢ ስለ ነበረ ነጸብራቁ ሊያስወግደው ያልቻለው እንከን ነው ይላል። ፖላራይዘር በዚያን ጊዜ ለፎቶግራፍ ሥራ ገና አልዋለምና፣ ይህም ክርክር ከባዶ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ያ ካሜራ ትልቅ ነበር፤ መልኩ በሰፊ መስታወት ላይ ተገልብጦ ከመነሣቱ በፊት በዝግታ ይታይ ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚያ መስታወት ያየ ሰው ዛፍ በአሻንጉሊት ራስ ላይ ሲበቅል አላየም ማለት ለማመን ያስቸግራል። ሌላ ሰዓት መምረጥ፣ ጎን መቀየር፣ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ መዘርጋት ይችል ነበር።

ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት በሥዕሉ ውስጥ በግልጽ የተጻፈውን ዋጋ ነው። የጎብለን ጎዳና ስሙን ያገኘው በ1662 ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ አገልግሎት ከተቋቋመው የግድግዳ ምንጣፍ መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ ቤት አንድ ሥራ በሸማኔ እጅ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ለገበያም አይቀርብም። በዚያው ጎዳና በ1925 ለማንም መጠን ተሰፍቶ የተዘጋጀ ልብስ ዋጋው ተለጥፎበት ቆሟል። ጀርመናዊው ኃያሲ ዋልተር ቤንያሚን በ1931 ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ በጻፈው ድርሰት የአትዤ ፓሪስ ሰው የሌለባት መሆኗን አጥብቆ አንሥቷል። የሱቅ መስኮቶቹ ግን ሰው የለሽ አይደሉም፤ የሰው ቦታ በሸቀጥ ተይዟል። ዋጋው የተጻፈው ለመንገደኛው ነው፤ መንገደኛው ግን በመስታወቱ ላይ የለም፤ ዛፉና ድንጋዩ ብቻ አሉ። ሰነድ ሻጩ ሽማግሌ ይህን በቃል አልተናገረም፤ ሰሌዳው ግን ይዞታል። «ነጸብራቅ» የሚለው ቃል ከመቅዳት የሚበልጥ ትርጉም ካለው፣ እዚህ ላይ ነው የሚገኘው፦ መስታወቱ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጦ ግንኙነታቸውን ያሳያል።

አትዤ ከሞተ በኋላ አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ቤረኒስ አቦት በ1928 የሥራዎቹን ክምችት ገዝታ ባታተርፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልኖረ። ክምችቱ በ1968 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ንብረት ሆነ።

በቪየና የተወለደችው ሊዜት ሞዴል (1901–1983) በ1938 ኒው ዮርክ እንደ ገባች የሱቅ መስታወቶችን ማንሣት ጀመረች። የእርሷ መስኮቶች ከአትዤ መስኮቶች ይጨናነቃሉ፤ አሻንጉሊቷ፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃውና አላፊ አግዳሚው አንዱ በሌላው ውስጥ ይተራመሳሉ። ከዚያ በፊት በኒስ የባሕር ዳር መንገድ ላይ የሚዝናኑ ሀብታሞችን ያነሣችበትና በ1935 «ረጋር» በተባለው የግራ ክንፍ መጽሔት የታተመው ሥራዋ የፊት ለፊት ምት ነበረው። በኒው ዮርክ መስታወት ፊት ግን ያ ምት ለዝቧል። ሥዕሎቹ የአዲስ ገቢን ድንጋጤ በሚገባ ይገልጻሉ፤ ከድንጋጤው ወዲያ ግን እምብዛም አይሄዱም።

ለዚህ ዘርፍ ትልቁን ትምህርት የሰጠው በ1934 የተወለደው አሜሪካዊው ሊ ፍሪድላንደር ነው። ታሪኩ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። በ1963 «ሃርፐርስ ባዛር» የተባለው የፋሽን መጽሔት በ1964 ሞዴል ለገበያ የሚወጡትን አዳዲስ የአሜሪካ መኪናዎች ፎቶግራፍ እንዲያነሣ አዘዘው። የዚያ ጊዜ አዲስ መኪና በማስታወቂያ እንዴት እንደሚቀርብ የታወቀ ነው፤ ሰፊ ሜዳ፣ ንጹሕ ሰማይ፣ ከጎኑ ቆንጆ ሴት። ፍሪድላንደር መኪናዎቹን ከርካሽ ምግብ ቤቶች፣ ያገለገሉ መኪናዎች ከሚሸጡባቸው ቦታዎችና ከሰፈር መደብሮች ጋር አነሣቸው። አንዳንዱ መኪና በሱቅ መስታወት ላይ እንደ ጥላ ብቻ ይታያል፤ አንዳንዱ በምሰሶና በማስታወቂያ ሰሌዳ ተከልሏል፤ የአንዳንዱ ገላ የሰፈሩን የተመሰቃቀለ ሽቦና ጽሑፍ ለብሷል። መጽሔቱ ሥዕሎቹን አላተማቸውም። ከሰባ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይልቅ ይህ አለማተም ብዙ ይናገራል፤ መኪና ለማስታወቂያ ብርቅ የሆነውን ያህል በመንገዱ መካከል ተራ ዕቃ ሆኖ ሲታይ ለገበያ አይመችም። ሥዕሎቹ «አዲሶቹ መኪናዎች 1964» በሚል ርእስ በመጽሐፍ የወጡት በ2011 ነው።

የነገሩ ቁም ነገር ከዚህ ይጀምራል። በ1963 አዲስ የነበሩት እነዚያ መኪናዎች ዛሬ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺዎች ተንበርክከው ኒኬላቸውን የሚያነሡላቸው መኪናዎች እነርሱው ናቸው። አዲስ ሳሉ ለማስታወቂያው የተሰጣቸው ስግደት፣ አርጅተው ሲገኙ ለትዝታ ተብሎ ይሰጣቸዋል። ፍሪድላንደር በሁለቱም አልሰገደም። መስታወቱን የተጠቀመበት መኪናውን ከሰፈሩ ጋር በአንድ ዋጋ ለማየት ነው። በ1970 ባወጣው የራስ ምስሎች መጽሐፍም ራሱን በየሱቁ መስታወት ላይ እንደ አንድ ተጨማሪ ዕቃ አስቀምጦታል፤ አንዳንዴ ራሱ በሸቀጡ ተቆርጧል፣ አንዳንዴ ፊቱ ከካሜራው ጀርባ ጠፍቷል። በ2010 «አሜሪካ በመኪና» በሚል በታየው ሥራው ደግሞ አገሩን ሁሉ ከኪራይ መኪና ውስጥ፣ በመስኮቱና በስፖኪዮው በኩል አይቷል። ሥራው ረዝሟል፤ ከመቶ ዘጠና በላይ ሥዕል ለዚያ ሐሳብ ይበዛል። ይሁን እንጂ የት ቆሞ እንደሚያይ ተመልካቹ የማያውቅበት አንድም ሥዕል የለበትም።

አሁን ወደ ብዙኃኑ ሥራ መመለስ ይቻላል። የአሮጌ መኪና ነጸብራቅ ሥዕል በጣም የተለመደ አሠራር አለው። ቀይ ወይም ጥቁር ኮፈን በቅርብ ይያዛል፤ በላዩ ሰማይና ሕንፃ ቀልጠው እንደ ሐር ጥብጣብ ይፈስሳሉ፤ የመኪናው ጠርዝ ከሥዕሉ ውጭ ይቀራል። ርእሱ «ትዝታ» ወይም «የብርሃን ዜማ» ይሆናል። ዓይን ይማረካል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ደግሞ የሚይዘው ነገር ያጣል። የማን መኪና ነው? የየት ከተማ ሰማይ ነው? ማን ወለወለው? ሥዕሉ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መንፈጉ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄዎቹ እንዳይነሡ አድርጎ ተቆርጧል።

ለዚህ የሃቫና ጎዳናዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ1950ዎቹ የተሠሩ የአሜሪካ መኪናዎች በኩባ የቆዩት ሕዝቡ አሮጌ ነገር ስለሚወድ አይደለም። አሜሪካ በ1962 የንግድ እገዳውን ስታጸና አዲስ መኪናና መለዋወጫ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የኩባ መካኒኮች የሶቪዬት ሞተርና መለዋወጫ እያላበሱ፣ የጎደለውን በእጃቸው እየቀረጹ አቆዩአቸው። በኮፈኑ ላይ የሚያብረቀርቀው ሰማይ በዚያ ድካም የተገኘ ገጽ ነው። ጎብኚው ግን ሰማዩን ብቻ ወስዶ ይሄዳል። የቀለሙ ድርብርብ፣ የእጅ ሥራው ጉብታ፣ የተቀጠቀጠው ጠርዝ በሥዕሉ ውስጥ ቢቀር ኖሮ፣ ነጸብራቁ ወላወል ብሎ ይታይና ተመልካቹ ለምን ብሎ በጠየቀ ነበር። ጠርዝ የሌለው ነጸብራቅ ያለ ዐውድ የተጠቀሰ ቃል ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት መልክን ማጣመም በራሱ ጥፋት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ቀድሞ በአንዳንድ የሂስ መድረኮች የተጣመመ መልክ ሁሉ ቅርጻዊነት ተብሎ ሲወገዝ ነበር፤ ቀና መልክ ያለው ሁሉ ደግሞ እውነታዊ ተብሎ ያልፍ ነበር። ይህ መለኪያ ብዙ ቀጥ ያሉ ውሸቶችን አሳልፏል። ያን ቫን አይክ በ1434 በሣለው የባልና ሚስት ሥዕል ከጥንዶቹ ጀርባ የተሰቀለው ጎባጣ መስተዋት ክፍሉን አጣሞ ያሳያል፤ በበሩ የቆሙትን ሁለት ሰዎች የሚያሳየውም እርሱ ብቻ ነው። ከመስተዋቱ በቀር በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህም ተመልካቹ ጥምመቱን በቀጥታው ሊለካ ይችላል። የፓራውልት ነጸብራቅም የሚለካበት ቀጥታ ነገር፣ ማለትም የሰሌዳ ቁጥር፣ ብሎን፣ ጭረት ወይም ጨርቅ የያዘ እጅ፣ ከጎኑ ሲኖር ከተማውን ሊናገር ይችላል።

አንዳንድ ኃያስያን የዚህን ዘርፍ ድርብ መልክ ለማስረዳት «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ይጠቅሳሉ። ንጽጽሩ የቀረበ ይመስላል እንጂ በደንብ አይገጥምም። ወርቁ የሚገኘው ሰሙ ሲቀልጥ ነው፤ ወርቁ ከወጣ በኋላ ሰሙን መልሶ የሚፈልገው የለም። በጎብለን መስኮት ውስጥ ግን ልብሱን አቅልጦ ዛፉን፣ ወይም ዛፉን አስወግዶ ልብሱን መያዝ አይቻልም፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋ ሁለተኛውም ተራ ነገር ይሆናል። የቅኔ መምህራን ኅብር የሚሉት ይቀርባል። አንዱ ቃል፣ ፊደሉ ሳይለወጥ፣ ሁለቱን ፍች በአንድ ጊዜ ይሸከማል። የተሳካ የነጸብራቅ ፎቶግራፍ ሁለት ሥዕል የተደራረበበት ሥዕል አይደለም፤ ሁለት ፍች ያለው አንድ ገጽ ነው። ለዚህም በፎቶግራፍ ቤት ሁለት ፊልም አደራርቦ የሚሠራው ብልሃት ከዚህ ዘርፍ ሊቆጠር አይገባም፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ ስላልተገናኙ ግንኙነታቸው የሠሪው ፈቃድ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቁስ ሳይጠፋ ሠሪው ሳስቷል። በከፍተኛ ቀረጥ ምክንያት አንድ መኪና በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ስለሚኖር፣ በሌላ አገር በሰብሳቢዎች መጋዘን የሚገኘው ቮልስዋገን እዚህ ዛሬም ልጆች ትምህርት ቤት ሲያደርስ ይታያል። የመጨረሻው የዚህ ዓይነት መኪና በሜክሲኮ ከፋብሪካ የወጣው በ2003 ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ የቮልስ ኮፈን ላይ ያረፈ ሰማይ ከሃቫናው ይለያል፤ መኪናው ትዝታ ሳይሆን አገልጋይ ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ፎቶግራፍ አንሺ የሌላውን አገር «ትዝታ» በራሱ ከተማ ላይ ይለጥፋል። በየዐውደ ርእዩ ከሚታዩት የቮልስ ሥዕሎች ብዙዎቹ በዚህ ይወድቃሉ፤ መኪናው ታጥቦ፣ ሰዉ ከመንገዱ ተጠርጎ፣ ኮፈኑ ብቻውን እንዲያበራ ተደርጓል።

የሱቅ መስታወቱም ጉዳይ ከዚህ አያንስም። በፒያሳ ከነበሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሰዋል። ከቤቶቹ ጋር የወርቅ ቤቶች፣ የጫማ መደብሮችና የፎቶ ቤቶች መስኮቶች አብረው ሄዱ። የፎቶ ቤት መስኮት በተለይ ልዩ ነገር ነበረው፤ ባለቤቱ ከደንበኞቹ ምስል የሚመርጠውን በመስታወቱ ጀርባ ይደረድራል፤ ሙሽሮች፣ ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎች፣ ክርስትና የተነሡ ሕፃናት ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ከውጭ የቆመው መንገደኛ መልክ በእነዚያ ምስሎች ላይ ያርፋል፤ የሰፈሩ ሰው በሰፈሩ ሰው ላይ ያርፋል ማለት ነው። አትዤ ካነሣው የልብስ መደብር የሚበልጥ እንጂ የማያንስ ነገር በየቀኑ በዚያ መስታወት ላይ ይታይ ነበር። የሕንፃዎቹን ፊት በሰነድነት ያነሡ ነበሩ፤ ፊት ለፊት፣ በቀጥታ፣ ነጸብራቁ እንዲቀንስ በደመና ቀን። ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ያ ነው፤ ለከተማው ነዋሪ ትውስታ ግን ከሕንፃው ይልቅ መስታወቱ ይበልጥ ይዞ ነበር።

አዲሶቹ የመስታወት ሕንፃዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አላቸው። ከእግር እስከ ራስ በሚያንጸባርቅ መስታወት ስለ ተሸፈኑ ውስጡ አይታይም፤ ሰማዩንና የጎረቤት ሕንፃ ብቻ ይመልሳሉ። እነዚህን ማንሣት ቀላል ነው፤ ውበቱም አያታልልም አይባልም። ነገር ግን መልስ እንጂ ማሳለፍ የሌለው ገጽ ኅብር የለውም፤ ፍቹ አንድ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው እንደ ጎብለኑ መስኮት ሁለቱን ወገን ማግኘት ከፈለገ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ በሩ በሚከፈትበት፣ የጥበቃ ሠራተኛው በሚቆምበት፣ ዕቃ ጫኙ በሚያልፍበት ቦታ ላይ መቆም ይኖርበታል።

የሥነ ጥበብ መምህራን በክፍል ውስጥ ሊያሠሩት የሚችሉት ነገር አለ፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ተማሪው በትምህርት ቤቱ አካባቢ አንድ የሱቅ መስታወት ይምረጥ፤ የሱቁን ባለቤት ያስፈቅድ። ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀስ በጠዋት፣ በቀትርና መብራት ሲበራ ሦስት ጊዜ ያንሣ። ከዚያ ቦታውን ቀይሮ፣ ከሱቁ ውስጥ ባለቤቱ ከሚቆምበት ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ወደ ውጭ አራተኛውን ያንሣ። በአራተኛው ሥዕል ላይ፣ ውጭው ብሩህ እስከ ሆነ ድረስ፣ ነጸብራቅ ከሞላ ጎደል የለም፤ ባለሱቁ መንገዱን በግልጽ ያያል፣ መንገደኛው ግን ሱቁን በግልጽ አያየውም። አራቱን ሥዕሎች በሰሌዳው ላይ ሰቅሎ፣ የትኛው ነጸብራቅ እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ ተማሪዎቹን ማከራከር ይቻላል።